በር ላይ ሮጦ የሚያቅፍ ልጅ

የእህቴ ልጅ ያደገችው ሜሪላንድ ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ሰሞን ደወለችና «አጎቴ፣ ክረምት ላይ ኔፓል ልሄድ ነው» አለችኝ። ካትማንዱ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ለሦስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ነው። ልጆቹን እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ታጫውታለች፣ ሞግዚቶቹንም ታግዛለች። ደሞዝ የለውም። እንዲያውም ከፋይዋ እሷ ናት፤ ትኬቱን፣ ማደሪያውን፣ ጉዞውን የሚያዘጋጀው ድርጅት የሚጠይቀውን ሁሉ። የደወለችውም ዘመድ አዝማዱ ትንሽ ትንሽ እንዲያዋጣላት ነው።

መቶ ዶላር ልኬ «በርቺ» ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ይህን ጉዳይ ስከታተል ዓመታት ሆነውኛል፤ አፌን ይዤ ብቀመጥ ሕሊናዬ እሺ አይለኝም። እዚህ የምጽፈው ለሷ በስልክ ያብራራሁላትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከእቅፉ ልጀምር።

ማሳደጊያ ጎብኝተው የመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያወሩት ይህንን ነው። «ገና ከበሩ ስንገባ ልጆቹ ሮጠው መጥተው እግራችን ላይ ተጠመጠሙ።» ሲያወሩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኝ አንጀቴን በልቶኛል። ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ቤቱ ያለ የሁለት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የማያውቀው ሰው ቀርቶ ከርማ የመጣች አክስቱን እንኳ ሲያይ እናቱ ቀሚስ ሥር ይሸጎጣል። «ሳማት እንጂ፣ አክስትህ እኮ ናት» ቢባል እሺ አይልም። የራሱ ሰው አለዋ! የራሱ ሰው ያለው ልጅ ባዳውን ይለያል። ያገኘውን ሁሉ የሚያቅፍ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የራሴ የሚለው ሰው ያላገኘ ነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። ሩማንያ ውስጥ በደንብ ተጠንቷል። አምባገነኑ ኒኮላይ ቻውሴስኩ የሕዝቡ ቁጥር ይጨምርልኝ ብሎ በ1966 ውርጃን ከለከለ። ማሳደግ ያቃታቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያ አስረከቡ። በ1989 መጨረሻ ሰውዬው ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በየግቢው ተገኙ። ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ። በዕጣ ግማሾቹ ልጅ ተቀብሎ ቤቱ ወደሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ ሄዱ። ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ጭካኔ ይመስላል፤ ጥናቱ በዚህ ብዙ አከራክሯል። ከቀሩት ውስጥ በኋላ ቤተሰብ የተገኘለት ልጅ እንዳይወጣ ግን አልተከለከለም።

ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆኑ አንድ ሙከራ ተደረገ። በር ይንኳኳል። አሳዳጊው ከልጁ ጋር ሄዶ ይከፍታል። ደጃፉ ላይ ልጁ አይቶት የማያውቀው ሰው ቆሟል። «ና፣ የማሳይህ ነገር አለ» ይለዋል። ይኸው ነው ሙከራው። ከእናት ከአባታቸው ጋር ካደጉት የሰፈሩ ልጆች ተነስቶ የተከተለው ከስንት አንድ ነው። በማሳደጊያ እንዲቆዩ ዕጣ ከደረሳቸው ግን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሳያንገራግሩ ወጡ። (አትስጉ፤ ውጭ የሚጠብቃቸው የጥናቱ ሠራተኛ ነበር።)

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ፍቅር የተራበ ልጅ ቢታቀፍ ምን ይጎዳዋል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ማቀፉ አይጎዳም። የሚጎዳው ስንብቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስም ትለምጃለሽ። በሁለተኛው አንዷ ልጅ ትመርጥሻለች፤ ጭንሽ ላይ ካልተቀመጥኩ ትላለች። በሦስተኛው ሻንጣሽን ትዘጊያለሽ። ሰኞ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ይመጣል። አንድን ዓመት በሦስት ሦስት ሳምንት ብታካፍይው አሥራ ሰባት ሰው ይወጣዋል። አሥራ ሰባት ጊዜ ተመርጦ አሥራ ሰባት ጊዜ መተው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ልጆቹ ማንነት እንለፍ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

«ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ስንሰማው እናትም አባትም የሌለው ልጅ ይመስለናል። ዩኒሴፍ ግን ከሁለቱ አንዱን ያጣውንም እዚያው ውስጥ ይቆጥራል። በ2015 በዓለም ላይ ወደ 140 ሚሊዮን ይሆናሉ ተብሎ ሲገመት ሁለቱንም ወላጆች ያጡት 15 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። «የሙት ልጅ» የሚለው የድሮው አማርኛ ይሻላል መሰለኝ። ቢያንስ «ማን ነው የሞተበት?» ብሎ ያስጠይቃል።

ኔፓል ውስጥ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እንግዲህ ልጆቹ እንዴት መጡ? ከ1996 እስከ 2006 አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ እንደ ሁምላ ባሉ ሩቅ ተራራማ አካባቢዎች ደላሎች ወላጆችን እየዞሩ ያነጋግሩ ነበር። «ልጅህን ካትማንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባልሃለሁ» ይላሉ። ድሃው ገበሬ መሬቱን አስይዞ፣ ከብቱን ሸጦ ይከፍላል። ልጁ ካትማንዱ ሲደርስ ወላጆቹ እንደሞቱ የሚገልጽ ወረቀት ይሠራለታል። ከዚያ በፈረንጅ ፊት ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀርባል። ደላላው ሁለት ጊዜ በላ ማለት ነው፤ ከአባትየው አንዴ፣ ከለጋሹ አንዴ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ጊዜ ኔፓል 75 ወረዳዎች ነበሯት። ከማሳደጊያዎቹ ከመቶ 90 ያህሉ የሚገኙት ግን በአምስቱ ብቻ ነበር። ካትማንዱ፣ ላሊትፑር፣ ባክታፑር፣ ካስኪ፣ ቺትዋን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዋና ከተማው ያለበት ሸለቆ ናቸው። ካስኪ የቱሪስቶቹ ከተማ ፖክራና ሐይቋ ያሉበት ነው። ቺትዋን አውራሪስ ሊያይ የሚሄደው ሰው መዳረሻ ነው። በሌላ አነጋገር ማሳደጊያዎቹ የተሠሩት ችግሩ ባለበት ሳይሆን ቱሪስቱ ባለበት ነው። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። በሚያዝያ 2015 ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስባት መንግሥት ልጆች ያለ ወላጅ ወይም ያለ ፈቃድ ከወረዳቸው እንዳይወጡ የከለከለውም ደላሎቹ አደጋውን እንዳይጠቀሙበት ሰግቶ ነው።

ካምቦዲያም እንዲሁ ናት። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት አምስት ዓመታት የማሳደጊያዎቿ ቁጥር 75 በመቶ አደገ። ጦርነቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ኢኮኖሚውም ማደግ ጀምሯል። የጨመረው የወላጅ ሞት ሳይሆን ጎብኚ ነው። የአንኮርን ቤተ መቅደስ ሊያይ ሲየም ሪፕ የሚሄደው ሰው ማታ ማታ «የወላጅ አልባ ሕፃናት ጭፈራ» ይጋበዝ ነበር። ከዚያ የመዋጮ ሣጥን ይዞራል። ፈላጊ ካለ አቅራቢ አይጠፋም። አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጆችን ለማሳደጊያ ብሎ መመልመልን ከባርነት ዓይነቶች አንዱ አድርጋ የተቀበለችው ወድዳ አይደለም። በጎ ፈቃደኞቹ ከሷም ይሄዱ ነበርና።

«እኛ አገርስ?» አለችኝ። ይህ ታሪክ ለእኛ ባዳ አይደለም። በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ከእነሱ መካከል አባቱ በሕይወት እያለ ወረቀት ላይ ሞቷል የተባለ እንደነበረ በኋላ ወጣ። «ተምሮ ይመለሳል» ብላ የፈረመች እናትም ነበረች። አትፍረዱባት። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ እዚያ ልጁ ሌላ ቤት ቢያድግ ዘሩ አይደበቅም፣ ዝምድናውም እንዲህ በወረቀት አይቆረጥም። እሷ የሰማችው ያንን ነው። ፈረንጁ የፈረመው ሌላ ነው። ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን በጥር 2018 ከለከለ።

ደግሞም ማሳደጊያ መጎብኘት የፈረንጅ ልማድ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የልጅን ልደት ማሳደጊያ ሄዶ ማክበር የተለመደ ነው። ኬክ፣ ለስላሳ፣ ፊኛ፣ ፎቶ። እኔም ሄጃለሁ። ቅድም ያልኳችሁ የታቀፍኩበት ቀን ያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጨርሰን ስንወጣ በሩ ላይ አንዲት ሞግዚት ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ይሆናል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች። «ጥሩ አዋልናቸው አይደል?» አልኳት፣ ምስጋና ፈልጌ። ፈገግ አለች። «አዎ የኔ ጌታ፣ ተባረኩ። የኔ ሥራ ግን ማታ እናንተ ስትሄዱ ነው የሚጀምረው» አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ። ስኳር የጠጡ፣ የተደሰቱ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ የተተዉ ልጆችን ማስተኛት ያለባት እሷ ናት። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይማታል፣ አንዱ ሽንቱን አልጋው ላይ ይለቃል። ቀን ስማቸው ያልተጠራ ልጆች አሉ፤ እንግዳ ቆንጆውንና ትንሹን ነው የሚያነሳው። እነሱንም ማባበል አለባት። በማግስቱ «እጅህን ታጠብ» ስትለው ልጁ «እንግዶቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ይላታል። በእንግዳ ፊት እሷ የምትቆጣ፣ እኛ ከረሜላ የምንሰጥ ሆነናል። የምትቀረዋን አሳንሰን የምንሄደው ገነንን።

ስለ ሞግዚቶች ሳስብ ሁሌ የምጠቅሰው ጥናት አለ። የተደረገው በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ የሩሲያና የአሜሪካ ባለሙያዎች አብረው የሠሩት። ሲጀምሩ ያገኙት ሁኔታ ይገርማል። አንድ ሕፃን አንድ ዓመት ከሰባት ወር እስኪሞላው ከ60 እስከ 100 የሚደርሱ ሰዎች ተፈራርቀውበታል። በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፣ የቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ፈረቃው ረጅም ነው፤ አንዷ ውላ አድራ ከሄደች ለቀናት አትመለስም። ልጁም በዕድሜ ከፍ ባለ ቁጥር ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል። ምግቡ ደህና ነበር። ሕክምናም ነበር። የጎደለው ያው የራሱ ሰው ነው።

በአንዱ ቤት ለሞግዚቶቹ ሥልጠና ብቻ ሰጡ። በሁለተኛው ሥልጠናም ሰጡ፣ አሠራሩንም ቀየሩ። ሦስተኛውን እንዳለ ተዉት። የቀየሩት ነገር ተራ ነው። አሥራ ሁለት ያህል ልጅ የነበረበትን ቡድን ለሁለት ከፈሉት። ለእያንዳንዱ ቡድን ቋሚ ሞግዚቶች መደቡ። ልጆቹን ከክፍል ክፍል ማዛወሩን አስቀሩ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል ደግሞ «የቤተሰብ ሰዓት» አሉት፤ ሞግዚቷ ከልጆቿ ጋር ቁጭ ብላ የምትጫወትበት። በዚያ ሰዓት እንግዳ ግቢው ውስጥ ድርሽ አይልም።

ይህንን ደግሜ አነበብኩት። ልጆቹን ለመርዳት ካደረጉት ነገር አንዱ እንግዳን መከልከል ነው!

ውጤቱ? አሠራሩ በተቀየረበት ቤት ልጆቹ በአእምሮም በቋንቋም በእንቅስቃሴም ተሻሻሉ። አካል ጉዳት ያለባቸውም ጭምር። ምግቡ ሳይቀየር ቁመታቸውና ክብደታቸው ጨመረ። ሞግዚቶቹም ራሳቸው ተለወጡ፤ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ሥልጠና ብቻ ያገኘው ቤት ግን ይህን ያህል አልተለወጠም። ዘንድሮ አሠልጥነሃት ነገ ሌላ ክፍል ከመደብካት ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ «ሞግዚቶቹን አግዛለሁ» የሚል በጎ ፈቃደኛ ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው። ከሞግዚቷ ላይ ልጁን ተቀብሎ መያዝ እገዛ ይመስላል። እውነተኛው እገዛ ግን ሌላውን ሥራ ተቀብሎ ልጁን ለሷ መተው ነው። ልብስ እጠቡ፣ ሂሳብ ሥሩ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ጠግኑ፣ ድንች ላጡ። ፎቶ ላይ አያምርም፤ አውቃለሁ። ሙያ ያለው ሰው ደግሞ ሙያውን ለሷ ቢያስተምር ነው። ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ብትሆኑ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለበትን ልጅ እንዴት ደግፋ ብታስቀምጠው ሳይታነቅ እንደሚጎርስ አሳዩዋት። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ስትሄዱ ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል። ገንዘብ ካላችሁም የትኬቱ ዋጋ ስንት የሞግዚት ደሞዝ እንደሚሆን አስሉት። ወይም ልጁን ለማሳደጊያ እንዳትሰጥ ለአንዲት እናት የስንት ዓመት ደብተርና ዩኒፎርም እንደሚገዛ።

ስለ ደህንነትም ልጥቀስ፣ ባይወደድም። ከኦክላሆማ የሄደ የ19 ዓመት ወጣት በ2014 ናይሮቢ በሚገኝ ማሳደጊያ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በልጆቹ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት በ2016 አሜሪካ ውስጥ 40 ዓመት ተፈረደበት። የእህቴን ልጅ «የፖሊስ ማስረጃ ጠይቀውሻል?» አልኳት። አልጠየቁም። አንቺን ሳያጣራ የሚያስገባ ቤት ሌላውንም አያጣራም።

«እሺ፣ ሁሉም ሰው መሄድ ቢያቆምና ቤቶቹ ቢዘጉ ልጆቹ የት ይወድቃሉ?» አለች። እውነቷን ነው፤ በአንድ ሌሊት አይዘጋም። ዛሬ እዚያ ያለ ልጅ ዛሬ ራት ይፈልጋል። ማሳደጊያ ሁሉ የሌባ ነውም አላልኩም። ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1980 ግሼን ማርያምን ለመሳለም ሲሄዱ ወሎ ላይ ረሃብ አገኛቸው። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ቤቱ አልስማማ አለ፤ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ አርባ ዓመት ቆዩ። ድርጅታቸውም በግቢው አልተወሰነም፤ ችግረኛ እናቶች ሠርተው ልጆቻቸውን ቤታቸው እንዲያሳድጉ ወደ መርዳት ሰፋ።

ሩዋንዳም አለች። በ2012 ማሳደጊያዎቿን ቀስ በቀስ ዘግታ ልጆቹን ወደ ዘመድ ወይም ወደ አደራ ቤተሰብ ለመመለስ ወሰነች። አብዛኞቹን መልሳለች። እሷም በጎ ፈቃደኞች አሏት። በየመንደሩ ሁለት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። «ኢንሹቲ ዙሙርያንጎ» ይሏቸዋል፤ የቤተሰብ ወዳጆች ማለት ነው። በአገሩ ሁሉ ሲደመሩ ከ29 ሺህ በላይ ናቸው። ሥራቸው የተመለሰው ልጅ እንዴት እንደሰነበተ ጎራ ብሎ ማየት ነው። ትኬት አያስፈልጋቸውም። ጎረቤት ናቸው።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት አትሂጂ አላልኳትም። ትልቅ ሰው ናት። «ጻፊላቸው» ነው ያልኳት። ከልጆቹ ስንቶቹ ወላጅ እንዳላቸው፣ ባለፈው ዓመት ስንቱ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ ሞግዚቶቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከተቀጠሩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው።

ጻፈች። መልስ በማግስቱ መጣ። ከኤርፖርት ማን እንደሚቀበላት፣ ቪዛው እዚያው ሲደርሱ እንደሚመታ፣ ማደሪያው ዋይፋይ እንዳለው ሁሉ ተብራርቷል። የልጆቹ ፎቶም አሥራ አንድ ተያይዟል፤ እኔም አየሁት፤ ሁሉም ይስቃሉ። ስለ ሞግዚቶቹ የተጻፈው አንድ መስመር ነው። «ስትደርሺ ታገኛቸዋለሽ» ይላል።